የምላጩ ተራ

የታሰርኩት በአፌ ነው። እጄ ያደረገው ነገር የለም። ሌላው ሰው ጥይት አቀብሎ፣ የስልክ ሽቦ ቆርጦ፣ አርበኛ አሳድሮ ይታሰራል፤ እኔ አምበር ገበያ እህል ተራ ቆሜ አንዲት ነገር ተናገርኩ። በዚያ ሰሞን ጣሊያኖቹ ሰዉን እየነዱ መንገድ ያስጠርጉ ነበር። አንድ ገበሬ «ምነው ይህን የሚያህል ሰፊ መንገድ? ምን ሊያደርግላቸው ነው?» ቢል፣ «ሲሸሹ እንዳይደናቀፉ ነዋ» አልኩት። ቀልዱ ያን ያህል አልነበረም፤ በዚያው ቀን ከሱ የተሻሉ አራት አምስት ተናግሬ ማንም ልብ አላለኝም። የገበያ ወሬ ግን በየመንገዱ እየበላ ነው መሰለኝ የሚሄደው፣ ከአምበር ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ወፍሮ ወፍሮ፣ ጣሊያኑ ሹም ጆሮ ሲገባ መንገዱን በፈንጂ ላፈርስ የዶለትኩ ሰው ሆንኩ። በሦስተኛው ቀን መጥተው ከነጋቢዬ ወሰዱኝ። አጠገቤ ቆመው ከሳቁት ሁለቱ ተገረፉ። በቀልዴ ሰው ሲጎዳ ያ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ነው አሁን የምጽፈው።

ያገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የቆየ የገብስ ብናኝ፣ እርጥብ ጋቢ፣ ከዚያ በታች ደግሞ ጥግ ላይ የተቀመጠው የሽንት በርሜል። መስኮቷ ዳዊት የምታክል ናት። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ባዶ ቤት መስሎኝ ነበር፤ ሲለምድ ግድግዳው ሁሉ ሰው ሆነ። ከእኔ ጋር አሥራ ሰባት ሆንን። ስንተኛ አንዱ መገላበጥ ቢያምረው አሥራ ስድስቱን ማስፈቀድ ነበረበት። የቁንጫውን ነገር ብዘረዝር ውሸታም ትሉኛላችሁ፤ አንድ ቀን የአንዱን ቁንጫ ኮቴ ሰምቼ ዘበኛ የመጣ መስሎኝ ተነስቼ መቆሜን ብቻ ተናግሬ ልለፈው።

የቤቱ ታላቅ ግራዝማች ነበሩ። ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። የገቡ ዕለት ጎፈሬያቸውን ላጭተውባቸው ስለነበር ራሳቸውን መላልሰው በእጃቸው ይዳብሱታል፣ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው። በመቀነታቸው ውስጥ አንድ ጧፍ ጠቅልለው ይዘዋል። ነፍሳቸው ስትወጣ እንዲበራላቸው ያስቀመጡት መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ አይጥ እንኳ የሚያውቅ ይመስለኛል፣ ቀበቶዬን በልታ ያንን ጧፍ አልነካችም።

እስር ቤት ከሰው ሁሉን ይነጥቃል ይላሉ። ከእኛ ተራን አልነጠቀም። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ ግራዝማች ይጠጣሉ፣ ከዚያ በማዕረግና በዕድሜ እየወረደ ይሄዳል። ዳቦው በተራ፣ ፀሐይ መሞቁ በተራ፣ መኝታው በተራ። ሆዱን የቆረጠው ሰው እንኳ የታላቁን ፊት አይቶ ነው ወደ በርሜሉ የሚነሳው። እኔ ከላይ ወደ ታች አሥራ አንደኛ ነበርኩ። ከእኔ በታች አምስት ሰዎች አሉ። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጣ ገበሬ ነው። ወንድሙ ጫካ ቢገባ በወንድሙ ፈንታ ይዘውት ነው። ትከሻው የበሬ ያክላል፣ ድምፁ ግን ከጉሮሮው አይወጣም። ራሱን በአሮጌ ጨርቅ እንደጠመጠመ ይውላል፣ እንደጠመጠመ ያድራል። ጋቢ ስላልነበረው በእኔ ጋቢ ውስጥ ሁለት ሆነን እንተኛ ነበር።

የቀሩት አንድ ነጋዴ ናቸው። የጉንደ ወይን ሰው፣ እስላም፣ አርባውን ያለፉ፣ ቀጭን። መርፌ፣ መስተዋት፣ ጨውና ምላጭ በአህያ ጭነው ገበያ ለገበያ ይዞሩ ነበር። የታሰሩት ለአርበኞች ጨው አቀበሉ ተብለው ነው። እሳቸው እንዲህ ይበሉ እንጂ ቤቱ አላመናቸውም። ጣሊያን እስላሙን እየሸነገለ ከክርስቲያኑ ሊለይ በሚሞክርበት ዘመን አንድ እስላም ከእኛ ጋር መታጎሩ ለብዙዎቹ አልዋጥ አላቸው። ጆሮ ጠቢ ነው ተባለ። ፊት ለፊት የነገራቸው የለም፤ ብቻ እሳቸው ሲጠጉ ጨዋታው ይቀየራል። በተራው ውስጥም ቦታ አልተሰጣቸውም፤ ሰው ሁሉ ጠጥቶ የተረፈውን ይጠጣሉ። ዛሬ እሳቸው እላለሁ እንጂ ያኔ አንተ ነበር የምንላቸው።

ጣሊያኖቹ ከአርበኛ ቀጥለው የሚፈሩት ቅማልን ነበር። ተስቦ እንዳይነሳባቸው ራሳችንን በየወሩ እንድንላጭ አዘዙ። ዘበኛው ጠዋት አንድ ምላጭና አንድ ገበታ ውሃ ያስገባል፣ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ራሳችንን አይቶ ምላጩን ይረከባል። ምላጭ ሲሸጥ የኖረ ሰው ይወቅበት ተብሎ ላጪው ነጋዴው ሆኑ። መጀመሪያ የራሳቸውን ራስ ይላጫሉ፣ ስለቱን ለመሞከር ነው፤ ከዚያ ከግራዝማች ጀምረው በተራ ይወርዳሉ። አንድ ምላጭ፣ አንድ ውሃ፣ አንድ መጥረጊያ ጨርቅ። በዚህ ውስጥ ክፉ ነገር ያየ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ባገራችን በአንድ ምላጭ መላጨት ፍቅር ነው፤ የጓደኛውን ምላጭ ተጸይፎ የራሱን የሚያወጣ ሰው የሞት ጠብ ያስነሳል።

በገባሁ በሳምንቱ የመላጫው ቀን ደረሰ። እኔ ተላጭቼ ተነሳሁ፣ የገበሬው ተራ ሆነ። ጨርቁን አልፈታም አለ። ዘበኛው ከበሩ ላይ ጮኸበት፤ ፈታው። ራሱ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል፣ እዚህም እዚያም ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። ቆረቆር ነበር፣ በልጅነቱ ይዞት ሳይለቀው ያደገ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥታ ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሰው በር ላይ እንደተዘረጋ እህል ነው፣ ዶሮ ሳይቀምስ አያልፍም። «ይህስ ራስ አይደለም፣ ካርታ ነው» አልኩ። «ጣሊያን ገና ያልያዘው አገር ይኸው ነው።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከታሰሩ ጥርሳቸው ያልታየ ሰዎች ሳቁ፤ ግራዝማች ሳይቀሩ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ገበሬውም ሳቀ። የማልረሳው የእሱን ሳቅ ነው፤ ቀድሞ ካልሳቀ የባሰ እንደሚመጣበት ከልጅነቱ የተማረ ሰው ሳቅ ነበር። ያልሳቁት ነጋዴው ብቻ ናቸው። አጎንብሰው ላጩት፣ ምላጩን በዚያው ጨርቅ ጠረጉ፣ ቀጣዩን ጠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገበሬው ስም ካርታው ሆነ። ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ወሩ ሳይሞላ ከበታቾቹ አንዱ ራሱን ማከክ ጀመረ። ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። ክብ ክብ እየሠራ ቅርፊቱ ብቅ አለ። ሳቁም በዚያው ቆመ። አንዱ ምች ነው አለ። ሁለተኛው የገበሬው ትንፋሽ ነው አለ። ሦስተኛው ደግሞ ጥላው ያረፈበት ሰው ሁሉ ይያዛል ብሎ፣ ዳዊት በምታክል መስኮት በምትገባ ብርሃን ጥላ የሚያህል ነገር ከየት እንደሚገኝ ሳያስበው፣ ከፊቱ መሸሽ ጀመረ። ገበሬውን ወደ በርሜሉ ገፉት። የውሃውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀምጠው ይርቁለታል እንጂ በእጁ አይሰጡትም። እኔ አብሬው መተኛቴን አልተውኩም። ከጽድቄ አይደለም። ሐምሌ ነበር፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጋቢ የሚጋራ ሰው ያጣ እንደሆነ አጥንት ይፈልጣል።

ከግቢው ጀርባ የድሮ የእህል ጉድጓድ ነበር። የተቀጣውን እዚያ ያወርዱታል። በበጋ የወረደ ሰው ይወጣል። በክረምት ግን ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፤ በሐምሌ የወረደ ሲወጣ አላየንም። ሰዎቹ ተማከሩና ለግራዝማች ነገሩ፤ ግራዝማችም በመላጫው ቀን ዋዜማ ለዘበኛው «ነገ ከእኛ የሚወጣ አንድ በሽተኛ አለ» አሉ። ዘበኛው እኩለ ቀን ላይ እወስደዋለሁ አለ። ወዴት ብሎ የጠየቀ የለም። ጉድጓድ የሚለውን ቃልም ማንም አልጠራው፤ ይውጣልን ብቻ ነው የተባለው። እኔም ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ዝም ያልኩባቸው ቀኖች ተለቅመው ቢቆጠሩ ከአንድ እጅ ጣት አያልፉም፤ ከነዚያ አንዱን ለዚያ ቀን አዋልኩት።

በዚያ ሳምንት ነጋዴው አንድ እንግዳ ነገር ያደርጉ ነበር። ከሰው ሰው እየሄዱ ራስ ያያሉ። ፈቀቅ አድርገው ከጆሮ ኋላ ይመለከታሉ፣ ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመልሰው በጣታቸው መሬቱ ላይ ይጭራሉ። «ለጌቶቹ ራሳችንን እየቆጠረላቸው ነው» አለ አንዱ።

በመላጫው ቀን ጠዋት ዘበኛው ምላጩንና ውሃውን አስገብቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ግራዝማች እንደ ልማዳቸው መጥተው ቁጭ አሉ። ነጋዴው ምላጩን አላነሱም።

«ግራዝማች፣ ሳልጀምር አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «የታመሙት ሦስቱ፣ ተራቸው ከማን በታች ነው?»

«ማን ያጣዋል? ከገበሬው በታች ናቸው።»

«ከገበሬው በላይ የታመመ አለ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ከግራዝማች እስከ እኔ ድረስ አንድም አልነበረም።

«በትንፋሽ ነው ካላችሁ» አሉ ነጋዴው፣ «ይህ ቀልደኛ ከሱ ጋር አንድ ጋቢ ውስጥ ነው የሚያድረው። ወር ሙሉ አንድ ትንፋሽ ሲተነፍሱ ነው የከረሙት። ራሱን እዩት።» አጎነበስኩ፤ አዩት። ራሴ ለቁም ነገር ሲፈለግ ያ የመጀመሪያው ነው። «ምንም የለበትም። የተላጨው ግን ከገበሬው ፊት ነው። ከሱ ኋላ የተላጩት ናቸው የታመሙት። ነገሩ የሚሄደው በምላጩ ነው። ምላጩን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህ ሰው በሽታውን ይዞ ተቀመጠ እንጂ አልዘራም። የዘራሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። የሚወጣ ሰው ከተፈለገ የምወጣው እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ እንድታስቡት እፈልጋለሁ። ዝም ቢሉ ማንም አይደርስባቸውም ነበር። ጥፋቱ ባለቤት አግኝቷል፤ ባለቤቱም እኩለ ቀን ላይ ሊወሰድ ነው። እሳቸው ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ጥፋታቸው የተጠረጠሩ ብቸኛ ሰው ናቸው። እውነትም ከታመሙት አንዱ ዘሎ ተነሳና «ሆን ብለህ ነው! ድሮም እናውቅሃለን» አለ። ግራዝማች እጃቸውን አነሱ፣ ተቀመጠ።

«እንግዲያ ምን ይሁን ትላለህ?» አሉ ግራዝማች።

ነጋዴው ነገሩን አስረዱ። አሮጌ ምላጭ ገዝተው መልሰው ሲሸጡ በእሳት ያሳልፉት ነበር፤ ከአባታቸው የለመዱት ነው። አባታቸው ለምን እንደሆነ አልነገሯቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ገበያ ላይ ለማያውቁት ሰው ያደርጉ የነበረውን እዚህ አብረዋቸው ለሚያድሩት ሳያደርጉ ቀሩ። ከእንግዲህ ምላጩ በየሰዉ መሐል እሳት ይይ፤ ውሃው በጣሳ ይፍሰስ እንጂ ገበታው ውስጥ ማንም እጁን አይንከር፤ መጥረጊያውን ደግሞ እያንዳንዱ ከገዛ ጋቢው ጫፍ ይቅደድ አሉ። የእኔ ጋቢ በዚያን ጊዜ ሁለመናው ጫፍ ስለነበር አልተቸገርኩም።

«እሳቱስ?» አለ አንዱ። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ግራዝማች መቀነት ሄደ።

ግራዝማች መቀነታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «ይህ ነፍሴ ስትወጣ የሚበራልኝ ነው። ለብረት አይበራም።»

«ልክ ነው፣ የእርስዎ ነው» አሉ ነጋዴው። አልለመኑም።

ከበርሜሉ በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። ገበሬው ነው። «ግድ የለም፣ እወጣለሁ» አለ። «ስለ እኔ አትጨቃጨቁ።» ከዚያ ያቺን አሮጌ ጨርቁን አንስቶ ራሱን ይጠመጥም ጀመር፤ ቀስ ብሎ፣ ጫፏን ደህና አድርጎ እየወተፈ፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው።

ግራዝማች ጠምጥሞ እስኪጨርስ አዩት። ከዚያ መቀነታቸውን ፈቱ። «ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት። ወደ እኛም ዞረው «ክብሪት ፈልጉ። ጧፉን የምይዘው ግን እኔ ነኝ» አሉ።

ክብሪት ያለው ዘበኛው ብቻ ነበር። ለእስረኛ ክብሪት መስጠት ደግሞ ያስገርፈዋል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እግዚአብሔር ይህን አፍ ለምን እንደሰጠኝ ለጥቂት ጊዜ የገባኝ። ወደ ደጃፉ ተጠግቼ «ወንድም ዓለም» አልኩት፣ «ይህ በሽታ ራስ ብቻ አይምሰልህ፤ ቆብ ይወዳል። አምበር አንድ ዘበኛ ይዞት መጀመሪያ ራሱ ተመለጠ፣ ቀጥሎ ቆቡ ተመለጠ፣ በመጨረሻ ቆቡን የሰቀለበት ግድግዳ ልስኑ ረገፈ። ምላጩን በእሳት ካላሳለፉት በያዘው ሰው ሁሉ ይጋባል አሉ። ምላጩን እኩለ ቀን ላይ የምትረከበው አንተ አይደለህ? ቆብህ ደግሞ አዲስ ትመስለኛለች።» ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ውስጧን አየ። ከዚያ ክብሪቱን ከነቤቱ ወረወረልኝና ከደጃፉ ሦስት እርምጃ ራቀ።

«ማን ይቅደም?» አሉ ግራዝማች፣ ከመቀመጫቸው እየተነሱ።

«እሱ» አሉ ነጋዴው ገበሬውን እያሳዩ። «ከሱ ቀጥሎ እኔ፣ በዚሁ ምላጭ። እኔን ያላመነ ራሴን ይጠብቅ።»

«ሦስተኛ እኔ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። አፌ ነው፤ ቀድሞኝ ይናገራል። ያን ቀን ብቻ ተከትዬው ሄድኩ።

ገበሬው የግራዝማች ቦታ ላይ ተቀመጠና ጨርቁን ፈታ። ከፈታ በኋላ ወደ እኔ ነው ያየው። ይጠብቃል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀልዱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከካርታው በጣም የሚሻል ነው። ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩትም። ጥሩ ቀልድ ነበር።

ነጋዴው ቅርፊቱ ካለበት ሲደርሱ እጃቸው ይዘገያል፤ ቆዳውን በአውራ ጣት ወጠር አድርገው፣ ምላጩን እንደ ላባ አስተኝተው ያልፉታል። ፀጉሩን አንድም ሳይቀር በጨርቅ ለቅመው አስቋጠሩ። ከዚያ ምላጩን አጥበው ጧፉ ላይ ያዙት። ግራዝማች በሁለት እጃቸው ጧፉን ይዘው ቆመዋል፣ ቅዳሴ ላይ እንዳሉ። ብረቱ መጀመሪያ ጥላሸት ለበሰ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ ወዲያና ወዲህ እየተገላበጠ ቆየ። ብረት እሳት ሲያይ ስለቱ ይሞታል፤ ይህን ከእሳቸው ነው ያወቅሁት። ስለዚህ በየሰዉ መሐል ጥላሸቱን ጠርገው፣ የወገባቸውን ጠፍር በጥርሳቸው ወጥረው ይዘው፣ ምላጩን ወደ ላይ ወደ ታች እያሻሹ እንደገና ያስሉታል። በጥፍራቸው ይሞክሩታል። ካልጣማቸው ደግመው ያሻሹታል። ለአሥራ ሰባት ራስ አሥራ ሰባት ጊዜ። ለእኔ ይህ ሥራ ቢሰጠኝ በሦስተኛው ራስ ላይ የዓለም ሰው ሁሉ ጎፈሬ ያሳድግ ብዬ አዋጅ አስነግር ነበር።

ሁለተኛ የራሳቸውን ላጩ። መስተዋት የለም፤ በግራ እጃቸው እየዳበሱ በቀኙ ይላጫሉ። ከጆሯቸው በላይ ምላጩ ጫር አደረጋቸው፣ አንዲት ጠብታ ደም ወጣች። አሥራ ስድስት ሰው ያችን ጠብታ አየ። በጨርቃቸው ጠረጉና ቀጠሉ።

ሦስተኛ እኔ ተቀመጥኩ። ብረቱ ገና ሞቅ ያለ ነበር። ግማሽ እንደተላጨሁ ከኋላዬ ያ ከጉሮሮ የማይወጣ ድምፅ «ይህ ደግሞ ጠፍ መሬት ነው» አለ። «ዘር አይዝም።»

ቤቱ ፈረሰ። ነጋዴው እንኳ ምላጩን ከራሴ አንስተው ሳቁ፤ ባያነሱት ኖሮ ዛሬ ጆሮዬ አንድ ነበር። እኔም ሳቅሁ፣ ቀድሜ ሳይሆን ተከትዬ።

ግራዝማች እስከ መጨረሻው ጧፉን ያዙ። ሰም ጣታቸው ላይ እየተንጠባጠበ ሲደርቅ አየሁ። ልያዝልዎ ያላቸውን በዓይናቸው መለሱት። ሁሌ አንደኛ የነበሩት ሰው ያን ቀን አሥራ ሰባተኛ ሆነው ተላጩ። ጧፉ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ቀርቶ ነበር፤ እሷኑ እፍ ብለው አጥፍተው መቀነታቸው ውስጥ መለሷት።

እኩለ ቀን ላይ ዘበኛው መጣ። ከደጃፉ ሳያልፍ «የሚወጣው የቱ ነው?» አለ።

«የሚወጣ የለም» አሉ ግራዝማች።

«ትናንት አለ አላሉም?»

«ተሳስቼ ነው።»

ዘበኛው ትከሻውን ነቅንቆ ምላጩን በሁለት ጣቱ ይዞ ሄደ። ለሱ ተራ ቃል ነበር። እኛ ግን ግራዝማች ተሳሳትኩ ሲሉ ሰምተን አናውቅም፤ ከዚያም በኋላ አልሰማንም። ውሃ ሲመጣ ጣሳውን ተቀበሉና ሳይጠጡ ለነጋዴው ዘረጉ። «ይጠጡ» አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መጠበቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ የነጋዴውንና የእኔን ራስ ይመረምራል። ያን ያህል የታየ ራስ በጎጃም የለም። ቤተ ሰብ ለልብስ ማጠቢያ ያመጣልንን እንዶድ ነጋዴው እየደቆሱ የታመሙትን ራስ በየቀኑ ያጥቡ ጀመር። ወር ሞላ፤ የነጋዴው ራስ እንደ ዕንቁላል ለስላሳ ነው፣ የእኔም እንዲሁ። ሌላ ሰው አልተያዘም። ከሦስቱ ሁለቱ እየዳኑ መጡ፣ ሦስተኛው ቆየበት። ገበሬው አልዳነም፤ የልጅነት ቆረቆር በእንዶድ ብቻ የሚለቅ አይደለም። ግን ከበርሜሉ አጠገብ ተነሳ፣ ጣሳውንም ከእጅ ወደ እጅ ይቀበል ጀመር። ካርታው ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። እኔ ዝም ስል ስሙ የሚያስታውሰው አጥቶ ሞተ። በጥቅምት ሲፈቱት ያችን አሮጌ ጨርቅ መኝታው ላይ ትቷት፣ ራሱን ገልጦ በደጁ ወጣ።

ጣሊያን ከሄደ በኋላ ጉንደ ወይን ሄጄ ነጋዴውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ሱቅ ከፍተዋል፣ ጢማቸው ሸብቷል። ስንጫወት ውለን፣ ስነሳ ለዓመታት ያብሰለሰልኩትን ጠየቅኋቸው። «ያን ቀን እሳቱ እንደሚያጠራው እርግጠኛ ነበሩ?»

«አልነበርኩም» አሉኝ። «እርግጠኛ ብሆንማ ሁለተኛ አንተን ነበር የማስቀምጠው።»

መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እየሳቅሁ ተመለስኩ። ከዚያ አንድ ወንዝ ዳር ስደርስ ሳቁ ተወኝ። አለማወቃቸውን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ሦስተኛ የተቀመጥኩት የሚያውቅ ሰው ተከትዬ ነው።

ዛሬ የገበሬው ትንቢት ደርሶብኛል፤ መሬቱ እውነትም ዘር አልያዘም። ከጆሮዬ በላይ የቀረችውን ለማስተካከል በየወሩ ደብረ ማርቆስ አንድ ፀጉር ቆራጭ ዘንድ እሄዳለሁ። «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምኑን ልቁረጥልዎ?» ይለኛል፤ ቀልደኛ ነው፣ እታገሠዋለሁ። ጨርሶ ትከሻዬን ሲያራግፍልኝ «መቁረጫውን በአልኮል ለኩሰው» እለዋለሁ።

«ለኩሼ ነው እኮ የጀመርኩት፣ እያዩኝ» ይላል፣ ዕቃውን የተጸየፍኩበት እየመሰለው።

«አይቼሃለሁ። አሁንም ለኩሰው።»

ተራውን የሚጠብቀው ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፤ አያውቀኝም፣ አላውቀውም። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ይነሳል፣ ብረቱን ይልሰዋል፣ ይጠፋል። እስኪጠፋ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ባርኔጣዬን አድርጌ እወጣለሁ።